ፍሪዊል ወይስ ካሴት? ከመግዛትህ በፊት

ሸዋሮቢት ያለኸው ወንድማችን፣ «የሳይክሌን የኋላ ጥርስ ልገዛ ስወጣ አንዱ ፍሪዊል፣ ሌላው ካሴት ይለኛል፤ ትክክሉ የቱ ነው?» ብለሃል። ሁለቱም ትክክል ነው። ግን አንድ ዕቃ አይደሉም።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁና «ፍሪዊል» ብዬ ገዛሁ፤ ማታ ቤቴ ጎማውን ፈትቼ ልገጥም ብል እንቢ አለ። የኔው ለካ ባለ ካሴት ኖሯል! ባለሱቁ ምን ያድርግ፣ ያልኩትን ነው የሰጠኝ።

ፍሪዊል ማለት ጥርሱም፣ ወደ ኋላ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚለው ክፍልም አንድ ላይ ሆኖ ጎማው መሃል ላይ እንደ ዳዶ እየተሽከረከረ የሚጠብቀው ነው። በካሴት ግን ቀጭ ቀጭ የሚለው እዚያው ጎማው ላይ ይቀራል፤ ጥርሶቹ ብቻ ተንሸራተው ይገባሉ። የጃፓኑ የሳይክል ዕቃ አምራች ሺማኖ ይህን አሠራር በ1978 እ.ኤ.አ. አወጣ። ኩሽኔታው ወደ ዳር ስለወጣ ዘንጉ እንደ ድሮው ቶሎ አይጎብጥም፤ ለኛ ኮረኮንች ትልቅ ነገር ነው።

ስሙ የተምታታው ለዚህ ይመስለኛል። ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ከመነዳሪ ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነው ቀሩ፣ ዕቃውም ብዙ ስላልተለወጠ ስሙ አላስቸገረም። የኋላው ጥርስ ግን ውስጡ ተለወጠ፣ አፋችን ላይ የቀረው የድሮው ስም ነው።

«ማርሽ» የሚለውም እንደዚያው። ድሮ ባለ 21 ማርሽ ስንል የፊቱን 3 በኋላው 7 አባዝተን ነበር። አሁን ባለ 12 የሚባለው የኋላው ብቻ ነው የሚቆጠረው፣ የፊቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ 12 ከ21 ያንሳል ብለህ አዲሱን እንዳትንቅ። ካቴና ስትገዛም የኋላውን ቁጥር ተናገር፤ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት በሁሉም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስፋቱ ግን የኋላው ማርሽ በበዛ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል።

አሁን የአንተን ለማወቅ ጎማውን ፍታና ጥርሱን በእጅህ ወደ ኋላ አዙር። መሃል ላይ መፍቻ የሚገባበት ቀለበት አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፣ ቆሞ ከቀረ ፍሪዊል። ከዚያ ስንት ክብ ጥርስ እንደተደራረበ ቆጥረህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልን፣ አይተን እንነግርሃለን።