አዲስ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ግራውንዱን እይ

ወንድሜ፣ «የድሮ ዲዝል ሃይሉክሴ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው እያቃሰተ ነው የሚዞረው፤ ፍሬን ስረግጥ ደግሞ የኋላው ፍሬቻ አብሮ ፈዘዝ ብሎ ይበራል፤ ባትሪ ልቀይር ወይ?» ላልከው፦ አትቀይር። ቢያንስ ዛሬ አትቀይር። የእኔም ፒካፕ ልክ እንዲህ ነበር የምትሆነው። ጋራዡ ባትሪም፣ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞም፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖም አስገዝቶኛል። ጥፋቱ የነበረው ግን ቀለም የተቀባ ብሎን ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ባትሪውን ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ዲናሞህም ይሠራል። የእኔ ሁለቱንም አሳይቷል። ይህን ለኤሌክትሪሺያኑ ብነግረው «ሹፌር ነህ ወይስ ኤሌክትሪሺያን?» አለኝ። ያውም ሰው ፊት!

2. ሞተሩ የተቀመጠው የጎማ መደገፊያ ላይ ስለሆነ ኔጋቲቭ የሚያገኘው በካቦ ነው፤ ግራውንድ የምንለው ይህንን ነው። የዲዝል ሞተሪኖ ሲዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። በፖዘቲቭ የሄደው ሁሉ በኔጋቲቭ መመለስ አለበት። መመለሻው ከተዘጋ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በነዳጅ መስጫው ገመድ ሳይቀር ያልፋል። ጠዋት አስነስተህ ያ ገመድ ከሞቀብህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

የእኔ ፒካፕ ከዚያ በፊት ቦዲ ተሠርታ፣ ቀለም ተቀብታ ነበር። ቀቢዎቹ የግራውንድ ካቦዎቹን ፈተዋል፣ የሚታሰሩበትን ቦታ ጭምር ረጭተዋል፣ ከዚያ ብሎኑን ቀለሙ ላይ አጥብቀውታል። ሲያዩት ያምራል። በብሎኑ ጥርስ በኩል ትንሽ ትንሽ ይነካካል፤ ለሬዲዮ ይበቃል፣ ለሞተሪኖ አይበቃም። ኤሌክትሪሺያኑ ሞተሪኖው ሳይዞር በኦም (መስመሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ) ለክቶ «ደህና ነው» ብሎ ነው ዕቃ ግዛ ብሎ ሶማሌ ተራ የላከኝ። ጥቂት ክር ብቻ የቀረው ካቦም እኮ በኦም ሲለካ ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው።

3. ስለዚህ ሞተሪኖው እየዞረ ለካው። ቴስተሩን 20 ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ የእርሳስ ጉጥ ራሱ ላይ እንጂ የካቦው መያዣ ላይ አታድርግ። ሌላውን ሞተሩ ላይ፣ ንጹህ ብረት ፈልገህ አስነካ። ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ከ0.2 በታች ከሆነ ሸጋ ነው፤ እስከ 0.5 ይታለፋል። የእኔ ከ1 ቮልት በላይ አሳየ። ጋራዡ ያላገኘውን እኔ ሹፌሩ ደጃፌ ላይ አገኘሁት! ቴስተር ከሌለህ ማስነሻ ካቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት ያዝና አስነሳ። ድምፁ ከተለወጠ በቃ፣ ተገኘ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከባትሪው ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፍታ፣ መጨረሻ ላይ መልስ። ቦታውን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ አጥብቀህ እሰር፣ ከላይ ግራሶ ቀባው። ካቦው ካረጀ ከፖዘቲቩ ያልቀጠነ ግዛ።

የፍሬቻው ነገር ግን ለብቻው ነው። ከኋላ መብራቱ ኔጋቲቭ አጥቶ በሌላው አምፖል በኩል እየተመለሰ ነው። ከመብራቱ የምትወጣዋን ሽቦ ተከተል፤ የጭነት ሳጥኑ ወይም ሻንሲው ላይ ዝገት ውስጥ ታገኛታለህ። ዓመታዊ ምርመራ ላይ እኔን የጣሉኝ በዚህች ነው። ምን እንደጎደለ ስጠይቅ «አሠርተህ ና፣ ቀጣይ!» ብቻ። ያን ሁሉ ሰዓት ተሰልፌ!

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጋራዥ ዕቃ ካስቀየርክ አሮጌውን ይዘህ ውጣ። የእኔን ዲናሞ «ጨርሷል» ብለው እዚያው አስቀሩት። አሁን የማን መኪና ላይ እንደሚዞር እንጃ።