ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ትኩሳቱ የወረደ ዕለት ጀልባ አይሳፈሩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ስሆን ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊሊፒንስ እሄዳለሁ። ለ14 ቀናት ከማኒላ ወደ ኮሮን፣ ከዚያ ወደ ኤል ኒዶ፣ በመጨረሻም ወደ ሴቡ እየተዘዋወርን ደሴቶቹን ለመጎብኘት አቅደናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት ከዚያው አካባቢ ሲመለስ ኃይለኛ ትኩሳት ይዞት ነበር፤ ትኩሳቱ ለቆት ዳንኩ ባለ ማግስት ግን ድዱ እየደማ ሆስፒታል ገባ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት አድሮብኛል። ለጥንቃቄ ከመድኃኒት ቤት 10 ፍሬ ዶክሲሳይክሊን፣ እንዲሁም ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዳይክሎፌናክና ፕሬድኒሶሎን ገዝቻለሁ፤ ማታ ማታም አጎበር ለመጠቀም አስቤአለሁ። ይህ ይበቃኛል? አንዲት ትንኝ ብትነክሰኝስ ምን ይውጠኛል? (ስሜ እንዳይገለጽ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የጻፉልኝ ስለ መድኃኒት ቢሆንም ያስጨነቀዎት ሌላ ይመስለኛል፤ ሐኪም በሌለበት ደሴት ላይ ብታመም ማን ይደርስልኛል የሚለው ነው። ስለዚህ ከእርሱ ልጀምር። ጉዞዎን የሚያሰርዝ ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላገኘሁም። የሚሄዱባቸው ሥፍራዎች በየዓመቱ እጅግ ብዙ እንግዳ የሚቀበሉ ናቸው፤ አብዛኛውም ሰው ፀሐይ ካቃጠለው ትከሻና ከአንድ ሁለት ቀን ተቅማጥ በቀር ምንም ሳይሆን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ባልደረባዎን ያስተኛው ሕመም፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ደንጊ የተባለው፣ ትንኝ የምታስተላልፈው የቫይረስ ሕመም ሳይሆን አይቀርም። አንዲት ትንኝ ብትነክሰኝ ላሉት፣ ትንኝ ሁሉ ቫይረሱን የተሸከመች አይደለችም። ቫይረሱ ከገባባቸው ሰዎች መካከልም ሕመም የሚሰማቸው ከ4ቱ 1 ያህል ሲሆኑ፣ ከታመሙት ውስጥ ወደ ከባዱ ደረጃ የሚደርሰው ከ20 ሰው 1 ያህል ነው። እዚያ ደረጃ የደረሰ ሰውም ቢሆን በጊዜው ሐኪም ካገኘ በአብዛኛው ይተርፋል፤ ምክንያቱም ሕክምናው እየተለካ የሚሰጥ ፈሳሽና የቅርብ ክትትል እንጂ ከሩቅ የሚመጣ ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ሰው የሚጎዳው በአመዛኙ ዘግይቶ በመድረሱ ነው።

ማታ አጎበር መዘርጋትዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ደንጊን የምታስተላልፈው ኤዴስ የተባለችው ትንኝ በቀን ነው የምትናከሰው፤ በተለይ ማለዳና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሰዓታት። ረግረግ ፈልጋ አትሄድም። ከአበባ ማስቀመጫ ሥር ባለ ሳህን፣ በተጣለ ጎማ፣ በባልዲ ወይም በኮኮናት ልጣጭ ውስጥ የተጠራቀመ ጥቂት ውሃ ይበቃታል። ስለዚህ ንጹሕና ውብ በሆነ የእንግዳ ማረፊያ በረንዳ ላይ ቁርስ ሲበሉ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚትዎን ልትነክስ ትችላለች። ዲኢኢቲ ከ20 እስከ 30 በመቶ ወይም ፒካሪዲን 20 በመቶ ያለውን የትንኝ መከላከያ ከጠዋት ጀምረው ይቀቡ፤ ከዋኙ በኋላም ይድገሙት። የፀሐይ መከላከያ ክሬሙ አስቀድሞ ይቀባል፣ እርሱ ከደረቀ በኋላ የትንኙ ይከተላል። የደንጊ ክትባት ስለመኖሩ ሰምተው ከሆነ፣ ለተጓዦች የሚሰጠው በ3 ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ስለሆነ በቀረዎት ጊዜ አይደርስልዎትም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ቦታ ልሰጠው ወደምፈልገው ጉዳይ ልግባ። «ትኩሳቱ ከለቀቀኝ ድኛለሁ» የሚለው እምነት በሌሎች ብዙ ሕመሞች ላይ ያስኬዳል፤ በደንጊ ላይ ግን ሰው ይገድላል። የባልደረባዎ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ሕመሙ የሚጀምረው ከንክሻው ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት ሲሆን፣ ከዓይን ኳስ በስተጀርባ የሚሰማ የራስ ምታት፣ አጥንትንና መገጣጠሚያን የሚሰባብር ሕመም፣ አንዳንዴም ሽፍታ ይከተሉታል። እነዚህ ቀናት እጅግ አስጨናቂ ቢሆኑም ለሕይወት የሚያሰጉት እነርሱ አይደሉም። ትኩሳቱ ከጀመረ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሙቀቱ ይወርዳል፤ አብዛኛው ታማሚ ከዚህ በኋላ በእርግጥ ይድናል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ልክ በዚያው ሰዓት ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ማፍሰስ ይጀምራሉ፤ የደሙ ውሃማ ክፍል ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ይወጣል፣ የቀረው ደም ይወፍራል፣ የደም ግፊትም ይወርዳል። ይህ አደገኛ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ታማሚው ሰውነቱ ስለቀዘቀዘ «ተመስገን ለቀቀኝ» ሲል፣ አጠገቡ ያለ ሰው እጁን ቢይዘው ግን የቀዘቀዘና በላብ የራሰ ሆኖ ያገኘዋል።

እንግዲህ የእርስዎን የጉዞ መርሐ ግብር ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ማኒላ በገቡ በመጀመሪያው ቀን ቢነከሱ ትኩሳቱ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን፣ ማለትም ኮሮን ወይም ኤል ኒዶ ሳሉ ሊጀምር ይችላል። ሦስት አራት ቀን ከተኙ በኋላ ትኩሳቱ ሲወርድ፣ ጓደኞችዎ «ተሻላት» ብለው ደስ ይላቸዋል፤ እርስዎም የእነርሱን ጉዞ ያበላሹ ስለሚመስልዎት ባንካ በሚሏት፣ በሁለቱም ጎኗ የቀርከሃ ክንፍ ባላት ጀልባ ተሳፍረው ቀኑን ሙሉ ሐኪም ወደሌለባቸው ትናንሽ ደሴቶች ይሄዳሉ። ይህን እንዳያደርጉ አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ። ያን ዕለትና ተከታዩን ቀን የደም ምርመራ በየዕለቱ ሊደረግልዎት ከሚችልበት ከተማ መራቅ የለብዎትም።

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ቢታይ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ፦ የማያቋርጥ ወይም የበረታ የሆድ ሕመም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ማስመለስ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም ጥቁር ሰገራ፣ ከልክ ያለፈ ድካም ወይም መቁነጥነጥ፣ ፈጣን አተነፋፈስ። ለ6 ሰዓት ያህል ሽንት ካልመጣዎትም እንደዚሁ ነው፤ ይህን ምልክት ሰው ሁሉ ስለሚዘነጋው ጓደኞችዎ እንዲጠይቁዎት አስቀድመው ይንገሯቸው። እንዲያውም ይህን አንቀጽ እነርሱም ቢያነቡት እመርጣለሁ፤ ደም ግፊቱ የወረደ ሰው ስለ ራሱ በትክክል አይፈርድምና።

ርቀቱንም ያስቡ። ከኤል ኒዶ እስከ ፖርቶ ፕሪንሴሳ፣ ኤል ኒዶ ያለችበት የፓላዋን ግዛት የተሻሉ ሆስፒታሎች እስካሉባት ከተማ፣ በመኪና ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። የአየር ሁኔታው ሲከፋ ደግሞ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ትናንሽ ጀልባዎች እንዳይነሡ ይከለክላል። ስለሆነም ትኩሳት በያዘዎት በ2ኛው ቀን፣ ገና በእግርዎ መሄድ ሲችሉ፣ ወደ ትልቁ ከተማ ይጠጉ። የደሴት ጉብኝት የተከፈለበት ገንዘብ ቢቀልጥ ይቅለጥ። የጉዞ ኢንሹራንስዎም ከደሴት ወደ ሆስፒታል የማጓጓዝ ወጪን የሚሸፍን መሆኑን ውሉን አንብበው ያረጋግጡ።

ወደ መድኃኒት ቦርሳዎ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ቢያልቅ አይፍረዱብኝ። ከገዟቸው አራት መድኃኒቶች መካከል አንዱ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ሊጎዳዎት የሚችለው ልክ በፈሩት ሕመም ጊዜ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌት የተባሉ ሴሎች ሥራ ያውካሉ፤ ደንጊ ደግሞ እነዚህኑ ሴሎች ቁጥራቸውን ይቀንሳል። ሁለቱ ሲገናኙ የጨጓራ መድማት ሊከተል ይችላል። ለትኩሳቱ የሚወሰደው ፓራሲታሞል ብቻ ነው፤ የጉበት ችግር የሌለበት አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም። የጉንፋን መድኃኒቶችም ብዙውን ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለባቸው አብረው ይቆጠራሉ። ስቴሮይድ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ለምን እንደገዙት በእውነቱ አልገባኝም፤ በደንጊ ላይ ጥቅሙ አልታየም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚያዝ መድኃኒትም አይደለም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ ቫይረስን አይነካም፤ በዚያ አካባቢ ተቅማጥ ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች መካከልም ብዙዎቹ ተላምደውታል። እዚያ ስትደርሱ አንድ ደግ ሰው ታዋ-ታዋ የሚባለውን ዕፅ ወይም የፓፓያ ቅጠል ጭማቂ ቢያቀርብልዎት አመስግነው ይለፉት፤ በእርሱ ተማምነው ሆስፒታል መሄድ ማዘግየት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ዶክሲሳይክሊኑ ለወባ መከላከያ ያገለግላል፤ ለደንጊ ግን ምንም አያደርግም። በፊሊፒንስ ወባ በአብዛኛው የሚገኘው በፓላዋን፣ በተለይም በደቡባዊው የገጠርና የደን አካባቢ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ያስፈልግዎት እንደሆነ የሚወሰነው የሚያድሩባቸውን ሥፍራዎች ስም በስም ለሐኪም ካሳዩ በኋላ ነው። ያስፈልጋል ከተባለ ወባ ወዳለበት ሥፍራ ከመግባት 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ በየቀኑ አንድ፣ ከሥፍራው ከወጡ በኋላም ለ4 ሳምንት ይወሰዳል። ሁለቱን ሳምንት በሙሉ እዚያ ቢያሳልፉ 44 ፍሬ ያህል ማለት ነው፤ 10 ፍሬ ማንንም አይጠብቅም፣ ይልቁንም የተጠበቁ መስሎዎት እንዲዘናጉ ያደርግዎታል። መድኃኒቱ ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል፤ ባሕር ዳር ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በብዙ ውሃ ይዋጣል፤ ከዋጡት በኋላ ወዲያው መተኛት ግን ጉሮሮን ስለሚያቆስል ክልክል ነው። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ሊሆኑ ከቻሉ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

የቀሩት ብዙ አያስጨንቁም። ለተቅማጥ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ከሁሉ በፊት ይያዙ፤ ደም ወይም ትኩሳት ካለው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጀልባ ላይ ካጥወለወለዎት መሐል ላይ ተቀምጠው ዓይንዎን ከአድማስ ላይ ያሳርፉ፤ ለዚህ የሚሆን ክኒን ከጉዞው 1 ሰዓት በፊት እንጂ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ አይጠቅምም። ውሻ፣ ድመት ወይም ዝንጀሮ ቢነክስዎት ወይም ቢቧጭርዎት ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥበው በዚያው ዕለት የክትባት ማዕከል ይድረሱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገሪቱ አለ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላም መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለመነጋገር ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በፊት መምጣት ነበረብዎት፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ከዚያ ቀደም ብሎ እንደተገዛ እገምታለሁ። ቢሆንም አልመሸም። የጉበት ብግነት ኤ (ሄፓታይተስ ኤ) ክትባት አሁንም ይሠራል፤ በመርፌ የሚሰጠው የታይፎይድ ክትባት ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ ለእርሱ የቀረዎት ጥቂት ቀን ነው፤ ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚነሡ ከሆነም የክትባት ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ጉዞ ጤና ክሊኒክ ይሂዱ፤ የገዟቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው፣ የሚያድሩባቸውንም ሥፍራዎች ዝርዝር ከነቀናቸው ይዘው ይቅረቡ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ቢይዘዎት ደግሞ ለሚያክምዎ ሐኪም ከምንም አስቀድመው የት እንደነበሩ ይንገሩት፤ የደንጊና የወባ ምርመራም በዚያው ቀን እንዲደረግልዎት ይጠይቁ።