ፎቶ ውስጥ የደበቅሁት ሥዕል የት ገባ?

ጥያቄ፦ በፎቶሾፕ አንድን ሥዕል በሌላ ፎቶ ላይ እንደ ሌየር (ንብርብር) ደርቤ ኦፓሲቲውን፣ ማለትም የድፍነቱን መጠን፣ ወደ 3 በመቶ አወረድኩት። በዓይን ሲታይ ከላይ የተደረበው ሥዕል ጨርሶ አይታወቅም። ከዚያ በጄፔግ ሴቭ አድርጌ ከዋናው ፎቶ ጋር ለጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁለት። እሱ ሁለቱን አነጻጽሮ ድብቁን ለማውጣት ቢሞክርም፣ ያገኘው ትናንሽ ካሬዎች የሞሉበት ብዥታ ብቻ ነው። ስህተቱ የት ላይ ነው? ዋናውን ፎቶ ሳልልክለትስ ሊያወጣው የሚችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሥዕሉ በአብዛኛው የጠፋው ሲደብቁት ሳይሆን ሴቭ ሲያደርጉትና ሲልኩት ነው። ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍልና በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ዓይን እምብዛም የማይለየውን ጥቃቅን የብርሃንና የቀለም ልዩነት እያጠጋጋ ይጥለዋል፤ የፋይሉ መጠን የሚያንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእርስዎ ሥዕል ደግሞ ሆን ተብሎ ዓይን እንዳይለየው የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ጄፔግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጥለው እሱን ነው። ጓደኛዎ ያዩት ብዥታም የእነዚያ ካሬዎች አሻራ ነው። ቴሌግራምም በፎቶነት የተላከለትን ምስል እንደገና ስለሚጨምቀው ጉዳቱ ይደራረባል። ስለዚህ ሁለቱንም ምስሎች ምንም በማይጥለው በፒኤንጂ ሴቭ ያድርጓቸው፤ ሲልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይልነት ይላኩ። ከተዘጋጁ በኋላ መጠናቸውን መቀየርም ሆነ የቀለም ፕሮፋይላቸውን መለወጥ የፒክስሎቹን ቁጥር ስለሚነካ አይሞክሩት።

ኦፓሲቲን ዝቅ ማድረግም ቢሆን ለዚህ ሥራ የሚመች አይደለም። 3 በመቶ ኦፓሲቲ ማለት ከላይኛው ሥዕል 3 በመቶ፣ ከታችኛው ፎቶ 97 በመቶ ተወስዶ ተቀላቅሏል ማለት ነው። ሁለቱ ፋይሎች ሲነጻጸሩ የሚወጣው ልዩነት ታዲያ ድብቁን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ከታችኛው፣ ማለትም ከሽፋኑ ፎቶ የተቀነሰውን 3 በመቶም ስለሚይዝ፣ ጄፔግ ባይኖር እንኳ ጓደኛዎ የሚያገኙት የሁለቱን ቅይጥ ነበር።

የሚሻለው ማደባለቅ ሳይሆን መደመር ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር አለው። በመጀመሪያ የሽፋኑን ፎቶ ከፍተው፣ ሌቭልስ በሚለው የብርሃን ማስተካከያ መስኮት በታችኛው የአውትፑት መስመር ላይ ያለውን የነጭ ጫፍ ከ255 ወደ 240 ያውርዱት፤ ፎቶው በጥቂቱ ይጠቁራል እንጂ ሌላ ለውጥ አይታይበትም። የዚህን ፎቶ አንድ ቅጂ በፒኤንጂ ሴቭ አድርገው ያስቀምጡ፤ ቁልፍዎ እሱ ነው። ቀጥሎ ድብቁን ሥዕል በተመሳሳይ የፒክስል ስፋትና ቁመት አዘጋጅተው፣ የእሱን አውትፑት ከ255 ወደ 15 ያውርዱት። ጥቁር ሰሌዳ ሊመስል ምንም አይቀረውም። ይህንን በሽፋኑ ላይ በሌየርነት ደርበው፣ ኦፓሲቲውን 100 በመቶ ላይ እንደተዉት፣ ብሌንድ ሞዱን (ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን ስልት) ቁጥሮቹን ወደሚደምረው ሊኒየር ዶጅ ይቀይሩት፤ ጊምፕ በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ አዲሽን የሚባለው ነው። 240 እና 15 ሲደመሩ 255 ስለሚሆኑ ከጣሪያው አልፎ የሚቆረጥ ነገር አይኖርም። ውጤቱንም በፒኤንጂ ሴቭ አድርገው ከቁልፉ ጋር ይላኩት። ጓደኛዎም በበኩላቸው ሁለቱን ፋይሎች ደርበው የላይኛውን ብሌንድ ሞድ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ወደሚያሳየው ዲፈረንስ ይቀይሩና፣ ሌየሮቹን አዋህደው በሌቭልስ የላይኛው መስመር ላይ ያለውን የነጭ ጫፍ ከ255 ወደ 15 ያመጡታል። ጥቁር የነበረው ስክሪን በአንድ ጊዜ ይበራል፤ ሥዕሉም ይወጣል።

የሚወጣው ሥዕል ግን እንደገባው አይሆንም። ለእያንዳንዱ ቀለም የቀረው 16 ደረጃ ብቻ ስለሆነ፣ ከ16 ሚሊዮን በላይ የነበረው የቀለም ብዛት ወደ 4,096 ይወርዳል። ጽሑፍ፣ የመስመር ሥዕልና ካርታ በዚህ ብዙም አይጎዱም፤ ቀስ እያለ ቀለሙ የሚለወጥ ሰማይ ግን መስመር በመስመር ተሰነጣጥቆ ይታያል። ለሽፋኑ ምርጫም የሚበልጠውን ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል። ቅጠል፣ ጠጠር፣ ፀጉር ወይም ጥልፍ የበዛበት ፎቶ 15 ነጥብ ሲጨመርበት አያሳብቅም፤ ልሙጥ ግድግዳ ወይም የሌሊት ጨለማ ግን የድብቁን ሥዕል ጠርዝ አውጥቶ ያሳያል። የሚደብቁት ጽሑፍ ብቻ ከሆነ 15ቱን ወደ 7 ቢያወርዱት እመርጣለሁ። ሽፋኑንም ራስዎ ያነሱት፣ የትም ያልወጣ ፎቶ ያድርጉት፤ ከኢንተርኔት የተወሰደ ከሆነ ዋናውን ያገኘ ሰው ሁሉ ቁልፉን ለመሥራት ብዙም አይቸገርም።

ዋናውን ፎቶ ሳይልኩ ማስወጣት ይቻላል ወይ ላሉት፣ ይቻላል፤ ነገር ግን ሥራው ከፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይልቅ ለዚሁ ለተሠራ ፕሮግራም ይቀናል። እያንዳንዱ የቀለም ቁጥር በ8 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሆኑ 8 አሃዞች ይጻፋል። ፕሮግራሙ የሽፋኑን የላይኛዎቹን 4 ቢቶች ሳይነካ፣ ዝቅተኛዎቹን 4 አጥፍቶ በቦታቸው የድብቁን ሥዕል የላይኛዎቹን 4 ቢቶች ያስገባል፤ ተቀባዩም ዝቅተኛዎቹን ብቻ ለይቶ ያነብባል። ከዚህም ይበልጥ መጠንቀቅ የሚፈልግ ሰው በመጨረሻው 1 ቢት ብቻ ሊጠቀም ይችላል። 1,000 በ1,000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በሦስቱ ቀለሞች 3 ሚሊዮን ትርፍ ቢት፣ ማለትም 375,000 ባይት ቦታ አለው፤ ይህም በደንብ ለተጨመቀ ሌላ ፎቶ በቂ ነው።

ይሁንና ከዓይን መሰወር ከምርመራ መሰወር አይደለም። የመጨረሻው ቢት በሌላ መረጃ ሲተካ፣ እንደ 100 እና 101 ያሉ ተጎራባች ቁጥሮች በፎቶው ውስጥ የሚገኙበት ብዛት ወደ እኩልነት ይጠጋል፤ በተፈጥሮ በተነሣ ፎቶ ላይ ግን እንዲህ ያለ እኩልነት እምብዛም አያጋጥምም። አንድሪያስ ቬስትፌልድና አንድሪያስ ፊትስማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ይህንን ምልክት በስታቲስቲክስ የሚለይ ዘዴ አሳይተዋል። እኔ በዲፈረንስ የሚሠራውን መንገድ ለጨዋታና ለትምህርት እንጂ ለምሥጢር አልመክረውም። ጉዳዩ በእርግጥ ምሥጢር ከሆነ፣ ሥዕሉ ከመደበቁ በፊት በይለፍ ቃል መመስጠር አለበት፤ ስቴግሃይድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሠራል። ይህ ፕሮግራም መረጃውን የሚደብቀው ጄፔግ ራሱ አጠጋግቶ በሚያስቀምጣቸው ቁጥሮች ውስጥ ስለሆነ፣ ፋይሉ እንደገና እስካልተጨመቀ ድረስ በጄፔግም ይሠራል።