የተረፈውን ቅባት ለልጅሽ እንዳትቀቢው

እህቴ፣ «ዓምና ለእኔ የታዘዘልኝ የዴክሳሜታዞን የዓይን ቅባት ተርፏል፤ የልጄ ዓይን ስለቀላ ልቀባው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ እንዳትቀቢው።

ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ቅላቱንና ማሳከኩን ቶሎ ያበርዳል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ቅላቱን ያመጣው የሄርፒስ ቫይረስ ወይም ፈንገስ ከሆነ ግን ውስጥ ውስጡን ያባብሰዋል፤ ዓይኑ ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ለሳምንታት ሲቀቡት ደግሞ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሚታወቀው እይታ ከተጎዳ በኋላ ነው። አክስቴ አንድ ዓይኗን ያጣችው ጎረቤት የሰጠቻትን ቅባት ለወራት ስትቀባ ቆይታ ነው። በየጤና ጣቢያው ከሚሰጠው ቴትራሳይክሊን ጋርም አታምታቺው፤ ያ አንቲባዮቲክ ነው።

ሐኪም አይቶ ለእሱ ካዘዘለት እጅሽን ታጠቢና የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገሽ የታዘዘውን ያህል ጨምሪለት። የቱቦው ጫፍ ዓይኑንም ሽፋሽፍቱንም አይንካ። ጠብታም ካለው ጠብታው ይቅደም፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተሽ ቅባቱን ታስከትያለሽ። ለትንሽ ጊዜ ብዥ ቢልበት አትደንግጪ። ተሻለው ብለሽ በራስሽ አታቋርጪ፣ ከታዘዘው ቀንም አታሳልፊ።

አሁን ዓይኑን ካመመው፣ ብርሃን ካስፈራው ወይም እይታው ከቀነሰ ዛሬውኑ ውሰጂው።