የታመመ ሠራተኛ ደመወዝ፦ ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል ወጥ ቤት እሠራለሁ። ታይፎይድ ይዞኝ ሐኪም የ10 ቀን ዕረፍት ጻፈልኝ። ሆቴሉ ግን ቀኖቹን ከዓመት ፈቃዴ ቀነሰብኝ። ይችላል?

አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን ከዓመት ፈቃድ ለይቶ ነው የሚሰጠው። ከታመሙበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለዎት፦ አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር በግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የእርስዎ 10 ቀን ሙሉ ይከፈላል፤ የተቀነሰው ዓመት ፈቃድም እንዲመለስልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ።

እንዲህ ያለ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሐኪም ወረቀቱ ነው። የካርድ ቁጥር፣ የታዩበት ቀን፣ ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ይኑርበት። ከዳኑ በኋላ የተጻፈና ቀን የሌለው ወረቀት አያስተማምንም። ሲያስገቡ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለው ያስፈርሙ። መታመምዎንም ቢዘገይ በቀሩበት ቀን ማግስት ያሳውቁ።

አዘዞ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። አንዱ ጋጋሪ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት። ሠራተኞቼ ሦስት ብቻ ናቸው፤ እኔንም ይመለከታል?

ይመለከትዎታል፤ አዋጁ ትንሽ ድርጅት ብሎ አይለይም። ደመወዙ 6,000 ብር ነው እንበል። በመጀመሪያው ወር 6,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው 3,000 እያሉ በጠቅላላው 12,000 ብር ይከፍላሉ። በእሱ ቦታ ሰው ስለሚቀጥሩ ተጨማሪው ወጪ ይኸው 12,000 ነው። ይህን የሚተካልዎ ፈንድ የለም፤ የሚያዋጡት ጡረታም የተራ ሕመም ደመወዝ አይሸፍንም። ሸክሙ በትንሽ አሠሪ ላይ መክበዱ እውነት ነው፣ ሊታሰብበትም ይገባል። ነገር ግን የሚያስል ሰው ቡኮ ቤት ማቆየት ሁለቱን ባልደረቦቹን ማስያዝ ነው።

ተተኪውን ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር ይፈቀዳል። ውሉ ላይ «በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛን ለመተካት» ብለው ይጻፉ፤ ይህ ከቀረ ቋሚ ቅጥር ነው ተብሎ ሊከራከርዎ ይችላል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ቢወስድም ሐኪሙ አያስተላልፍም ካለ ቀደም ብሎ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል። እጁ በምድጃ ተቃጥሎ ቢሆን ግን የሥራ ጉዳት ስለሚሆን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንኳ ሙሉ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል።

ለሁለት ሳምንት ጸበል ገብቼ ብቀር እንደ ሕመም ፈቃድ ይያዝልኛል?

የሐኪም ማስረጃ ከሌለ አይያዝም። ሳያስፈቅዱ መቅረት አደገኛ ነው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠዎት በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መቅረት ያለ ቅድመ ስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ወዲያውኑ፣ ያሰናብታል። መጀመሪያ ሐኪም ይታዩ፤ ዕረፍት ካልጻፈልዎ ዓመት ፈቃድዎን ጠይቀው ይግቡ።

በሙከራ ላይ ነኝ፤ ብታመምስ?

የሕመም ፈቃዱ የሚጀምረው ሙከራው ሲያበቃ ነው። ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍ ያልተስማማችሁበት ከሆነ ደግሞ ሙከራ የሚባል ነገር የለም።