ሐዋሳ ለምትማሩ፦ ስለ ቤትና ስለ ምግብ ጠይቁኝ

ሐዋሳ ተምሬ እዚሁ ቀርቻለሁ። ሁለት ዓመት ካፌ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው መመገቢያ፣ በላሁ፣ ከዚያ ኖን ካፌ ሆንኩ፣ የምግቡን ብር በእጄ እየተቀበልኩ ራሴ በላሁ ማለት ነው፣ ተከራይቼም ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። ምዝገባ ሲደርስ ጥያቄው ስለሚበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ መንግሥት መድቦኛል። ኖን ካፌ ሆኜ ብሩን በእጄ ብቀበል አይሻልም?

በመጀመሪያው ሴሚስተር አይሻልም። ካፌው ነፃ እንዳይመስልህ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል አለ፤ የምግብና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ የተወሰነው ያንተ ዕዳ ነው፣ ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ። ስለዚህ ብትበላውም ባትበላውም ያው ተበዳሪ ነህ። ብሩ በእጅህ ሲገባ ግን አሥር ቀን አይቆይም። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ወር ብር ጫማ ገዛሁበት፣ ቀሪውን ጊዜ ከጓደኛ ሳህን ጎረስኩ። አብረውህ የሚያበስሉ ሁለት ሦስት ልጆች ስታገኝ ያኔ አስብበት።

የግል ኮሌጅ ተማሪ ነኝ፣ ዶርም የለንም። ደላላ ሳልይዝ ቤት አገኛለሁ?

ታገኛለሽ፣ እግርሽ ይደክማል እንጂ። ባለሱቅ ጠይቂ፣ ጉልት የሚሸጡትን ጠይቂ፣ ከሁሉ በላይ ለቆ ሊወጣ ያሰበ ተማሪ ፈልጊ። ሰርቪስ ቤት ለሁለት ወይም ለሦስት ሆናችሁ ብትይዙ ይቀላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ሠራተኛ እንደናንተው አንድ ክፍል ለብዙ ሆኖ ይከራያል፣ ስለዚህ ፓርኩ አካባቢ ርካሽ ቤት መፈለግ ልፋት ነው። ቤት ስታዪ ቀለሙን ተዪው። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የጋራ ነው? በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? ማብሰል ይፈቀዳል? የመጨረሻዋን እንዳትረሺ! ምድጃ የማያስገባ አከራይ ቤቱን በርካሽ ቢሰጥሽም ልዩነቱን ምግብ ቤት ትከፍይዋለሽ።

የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ አሉኝ። ይቻላል?

የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፤ ውሉም በጽሑፍ ይሁን ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰነው መሠረት ስለሆነ ሰፈርህ ላይ እንዴት እንደሆነ ቀበሌ ሄደህ ጠይቅ። አዋጅ እየጠቀስክ ከአከራይህ ጋር መጣላት ግን ቤት አያስገኝም። «እማማ፣ ቤተሰብ በየወሩ ነው የሚልክልኝ» በል፣ ብዙዎቹ ይረዳሉ። ብቻ ያለ ወረቀት አትክፈል። እኔ በቃል ተማምኜ የሦስት ወር ሰጠሁ፣ በሁለተኛው ወር ጨምር ተባልኩ፣ ምን ይዤ ልከራከር?

ምግብ ላይ እንዴት እንቆጥብ?

ብቻችሁን አታብስሉ። ሦስት ሆናችሁ ጤፍ ግዙና ለሚጋግር ሰው ስጡ፣ በየቀኑ እንጀራ በነጠላ ከመግዛት ይሻላል። ሽሮና በርበሬ ከቤት አስልኩ። በሶም አይቅር፣ ለፈተና ሌሊት ከበሶ የሚበልጥ አላየሁም። ገበያ ሰኞና ሐሙስ ውጡ፣ ቲማቲምና ድንች ወደ ማታ ሻጩ ጠቅልሎ መግባት ሲፈልግ ይረክሳል። የሲዳማ ልጆች ቆጮ ያስለምዷችሁ፣ ሆድ ይይዛል። አቮካዶ በዳቦ ደግሞ ራት ነው፣ ማንም አይስቅባችሁ። ዓሣ ካማራችሁ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ በጠዋት ሂዱ፣ ጥሬውን ግን በፈተና ሳምንት እንዳትሞክሩት! ማብሰል ለማይችል ኮንትራት አለ፣ የወር ከፍሎ አንድ ምግብ ቤት መብላት ማለት ነው፣ ግን የወሩን ከመክፈላችሁ በፊት ሳምንት ሞክሩት፣ ወጡ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የሚቀጥንበት ቤት አውቃለሁ።

ብር አልቆብኛል፣ ቤተሰቦቼም የላቸውም። ማን ጋ ልሂድ?

ዛሬውኑ ለሩምሜትህ ንገር፣ ሳይበሉ መዋል አይደበቅም። የተማሪዎች ዲን ቢሮና የተማሪዎች ኅብረት ሂድ። በተማሪዎች የሃይማኖት ኅብረት፣ ግቢ ጉባኤ፣ ጀመዓ ወይም ፌሎሺፕ ውስጥ ካለህ ለአስተባባሪው ለብቻው ንገረው፣ ሳያሰሙ የሚያዋጡ ልጆች አሉ። ኖን ካፌ ከሆንክ ወደ ካፌ መመለስ መቼ እንደሚቻል ጠይቅ። ክረምት ላይ ደግሞ የሰፈር ልጆች አስጠና፣ እኔን ሁለት ዓመት ያቆየኝ እሱ ነው።

ባጃጅ ጨረሰኝ፣ ቤቴ ሩቅ ነው።

ብስክሌት። ሐዋሳ ሜዳ ናት። ያገለገለ ግዛ፣ ቁልፉን ግን አዲስ አድርገው፣ የኔዋ ብስክሌት ሻይ እየጠጣሁ ነው የተሰረቀችው።