«ነው» እና «ነዉ» አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ ልጄ በደብተሯ «ገበሬዉ ታታሪ ነዉ» ብላ ጽፋ አገኘሁና በ«ው» እንድታርመው ነገርኋት። እርሷ ግን ድምፁ አንድ ስለ ሆነ ምንም ለውጥ የለውም ብላ ተከራከረችኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ልክ እርስዎ ነዎት፤ ድምፁም አንድ አይደለም። «ነው» ስንል ከንፈራችን በሳድሱ ላይ ተሰብስቦ ያበቃል፤ «ነዉ» ግን በካዕቡ ምክንያት አንድ ተጨማሪ አናባቢ ስለሚያስከትል፣ እንደ ተጻፈው ቢነበብ ማንም አማርኛ ተናጋሪ የማይለው ቃል ይሆናል። «እዉነት» እና «ዕዉቀት» የሚሉትም እንዲሁ ስሕተት ናቸው።

ጉዳዩ ከጆሮ አልፎ ወደ ትርጉም የሚገባው በእመር፣ ማለትም ስሙ የታወቀ መሆኑን በሚያመለክተው ቅጥያ፣ ላይ ነው። እመሩ በተናባቢ የሚያበቃን ስም ካዕብ ያደርገዋል፤ «ቤት» «ቤቱ» ይሆናል። በአናባቢ ለሚያበቃ ስም ግን «ው» ይጨመርለታል፤ ስለዚህ «ገበሬው»፣ «በሬው» እንላለን። ስሙ ራሱ በ«ው» ሲያበቃ ደግሞ «ው» ወደ «ዉ» ይለወጣል፤ «ጨው» ማንኛውም ጨው ሲሆን «ጨዉ» የታወቀው፣ አስቀድሞ የተነገረለት ጨው ነው። ሁሉን በ«ዉ» የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ቋንቋው የሰጠውን ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

«ሥራ»ን «ስራ» ብሎ የጻፈ ሲወቀስ እሰማለሁ። እኔም የፊደሉ ሥርወ ቃል እንዲጠበቅ እወዳለሁ፤ በግእዝ «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ ማለት ስለ ሆነ፣ «ትምህርት»ንና «ምሕረት»ን በየፊደላቸው ተጽፈው ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የዛሬው አንደበት «ሠ»ንና «ሰ»ን ስለማይለይ ያ ስሕተት የቃሉን ታሪክ ይሸፍናል እንጂ ንባቡን አይለውጥም፤ «ነዉ» ግን ንባቡን ራሱን ያበላሻል፤ ስለዚህ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው እርሱ ይመስለኛል።

ልጅዎ የተሳሳተችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ፊደላት በቅርጽ ይቀራረባሉ፤ በቃል መነሻ ደግሞ፣ እንደ «ውሃ» እና «ውሻ» ባሉት፣ ሳድሱ በ«ው» ተስቦ ወደ ካዕብ ስለሚጠጋ ጆሮ ብቻውን ሊለያቸው አይችልም፤ እዚያ የምንመራው በተለመደው በ«ው» የመጻፍ ልማድ ነው። በቃል መድረሻ ግን ጆሮዋ ይበቃታል፤ «ሰው መጣ» እና «ሰዉ መጣ» የሚሉትን ጮክ ብላ እንድታነብልዎ ያድርጉ፤ አንድ ሰው የመጣውና ሕዝቡ የመጣው በየትኛው እንደ ሆነ ራሷ ትነግርዎታለች።